ጨውን ሙቀት ያለው ፓኬጅ

ከታይናን እስከ ታይፔ ድረስ ሶፍትዌር አሽጎ በመላክ እኔን ኩንን የሚስተካከል ሰው አልተወለደም፤ ተወልዶም ከሆነ ገና ዳዴ እያለ ነው። ይህን የምለው ልኩራራ ብዬ አይደለም። የዚያን ቀን ንዴቴ ከየት እንደመጣ እንድትረዱልኝ ነው። የጃፓን መሐንዲሶች ሳይቀሩ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው ምክር የጠየቁትን ሰው በአንድ ከረጢት የኮኮናት ፍርፍር አስረው ሲያስቀምጡት ደሙ ካልፈላ፣ የማን ደም ይፈላል?

ጠዋት ነው። ቺጉ በምትባለው የባሕር ዳር መንደር፣ በአጎት ሹይ-ፋ የዓሣ ኩሬ ዳር ቆሜአለሁ። ከሰሜን የሚመጣው ብርድ ማታውኑ እንደሚደርስ ሬዲዮው ሲለፍፍ ሰንብቷል። ሳባሂ የምንለው ዓሣችን ደግሞ የሞቀ ውሃ ልጅ ነው፤ ውሃው ከአሥር ዲግሪ ሲወርድ ሆዱን ወደ ሰማይ ገልብጦ ይንሳፈፋል። ስለዚህ ብርድ በመጣ ቁጥር ከጉድጓድ ሞቅ ያለ ውሃ እየሳቡ ዓሣው ወደሚከርምበት ቦይ መልቀቅ ነው። አጎት ሹይ-ፋ ይህን ሥራ ዕድሜ ልካቸውን የሠሩት ግድግዳው ላይ በነበረች አንዲት የእጅ ማብሪያ ነው። ቀጭ ሲያደርጓት ፓምፑ ይነሣል፣ ቀጭ ሲያደርጓት ይቆማል።

እኛ መጣን። እኛ ማለት የአለቃ ጓን ድርጅት ማለት ነው። አለቃ ጓን ራሱ፣ ነጭ ጓንት አጥልቆ፣ ፎቶ እየተነሣ፣ ማብሪያዋን በእጁ ነቀላትና ለቁርጥራጭ ብረት ሰብሳቢ ሰጣት። በምትኩ አዲስ ሳጥን ሰቀለላቸው። ሳጥኑ ውስጥ ትንሽ ኮምፒውተር አለች። የውሃው መለኪያ ለእሷ ይነግራታል፣ እሷ ፓምፑን ታስነሣለች። እሷ ካልተነሣች ፓምፑም አይነሣም።

አጎት ሹይ-ፋ ባለፈው ክረምት የዓሣቸውን ግማሽ ቀብረዋል። የጠረፉን ኩሬ ሁሉ እየገዙ በፀሐይ ኃይል መስታወት የሚሸፍኑት ሰዎች በራቸውን ሲያንኳኩ ከርመዋል።

«ነገ ይመጣሉ» አሉኝ፤ ቢንላንጋቸውን፣ ያን ምራቅ የሚያቀላ ፍሬ፣ በአንድ ጉንጫቸው ወጥረው እያኘኩ። «ኩሬው ላይ ዓሣው ነጭ ሆኖ ተንሳፍፎ ካገኙት እፈርምላቸዋለሁ። ሰባ ዓመቴ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ዓሣ አልቀብርም።»

«አጎቴ፣ እኔ እያለሁ?» አልኳቸው ደረቴን ነፍቼ። «ይቺን ፓኬጅ፣ የታሸገችውን ፕሮግራም፣ ልጫናት እንጂ ዓሣዎቹ በክረምት ላብ ያልባቸዋል።»

ጫንኳት። አስነሣኋት። አልነሣም አለች።

ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ብቻ ወጣ፤ የመለኪያው ላይብረሪ አምስተኛ ቅጂ አልተገኘም ይላል።

ሙያው ሩቅ ለሆነባችሁ ላስረዳ፤ እኔ ሳስረዳ ድንጋይ እንኳ ይገባዋል። አንድ ፕሮግራም ሥራውን ሁሉ ራሱ አይሠራም። ከመለኪያ ጋር የሚነጋገርበትን ኮድ ሌላ ሰው ጽፎታል፤ ኮምፒውተሩ ላይ በጋራ ተቀምጧል፤ የፈለገ ፕሮግራም ሁሉ ጠርቶ ይጠቀምበታል። ላይብረሪ የምንለው ይህን ነው። ፓኬጁ ቢሮ ውስጥ ሲሠራ አገናኚ የሚባለው መሣሪያ ኮዳችንን ከላይብረሪው ጋር ያጋጥመዋል፤ ከዚያም የትኛውን እንደሚጠራ ስሙንና ቁጥሩን ፓኬጁ ግንባር ላይ ይጽፋል። የእኛ ፓኬጅ ግንባሩ ላይ አምስት ቁጥር ተጽፎበታል። አዲሱ ሳጥን ውስጥ ያለው ግን ስድስተኛው ነው። ቀደም ሲል የሸጥናቸው ሳጥኖች ሁሉ አምስተኛው ነበራቸው፤ የአዲሶቹ የመጀመሪያው የአጎት ሹይ-ፋ ሆነ።

«ምን አለች?» አሉ አጎት ሹይ-ፋ።

«አንድ ፋይል አጣሁ አለች።»

«ሳጥኑን ስትሸጡልኝ ሙሉ ነው አላችሁኝ። አሁን ፋይሉን ከእኔ ጭቃ ውስጥ ልትፈልግ ነው?»

«ይታገሱኝ አጎቴ።»

መጀመሪያ ያደረግሁት ማንም ጀማሪ የሚያደርገውን ነው። አምስተኛውን ከአንድ አሮጌ ሳጥን በኢንተርኔት ቀድቼ እዚያ ወረወርኩት። አምስተኛው ገባና የራሱን አሮጌ ጓደኛ ጠራ። ያንንም አመጣሁለት። ያኛው ደግሞ ከእሱ የባሰ ሽማግሌ ጠራ። የኮምፒውተሯን መሠረት ነቅዬ ካልጣልኩ በቀር የማያልቅ የጡረተኛ ሰልፍ ሆነብኝ። ያመጣሁትን ሁሉ መልሼ ጠረግሁና ስልኬን አነሣሁ።

«አለቃ፣ ፓኬጁ አምስተኛውን ይጠራል። እዚህ ያለው ስድስተኛው ነው።»

«እዚህ ይሠራል» አለ አለቃ ጓን።

«እዚህ አይሠራም።»

«እዚህ ይሠራል እያልኩህ! አሁን ዓይኔ እያየ ይሠራል!»

«እርስዎ ያሉበት ዓሣ የለም!»

ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ፔይ-ሹዋን ከረጢቱን ነክታው መሆን አለበት» አለኝ፤ ቢሮ አብራኝ የምትሠራውን ልጅ ማለቱ ነው።

ከረጢቱ! ንዴቴ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አገራችን ውስጥ ማሽን ያለበት ቦታ ሁሉ ማሽኑ አርፎ ይሥራ ተብሎ አናቱ ላይ አረንጓዴ የኮኮናት ፍርፍር፣ ልጆች የሚቆረጥሙት መክሰስ፣ ከነከረጢቱ ይቀመጣል። አረንጓዴ መሆን አለበት፤ ቢጫው ማሽኑን ያሳምፀዋል። ጊዜው ካለፈበትም መዓት ነው። በዚህ አልቀልድም፤ እኔም ቤቴ የልብስ ማጠቢያው ላይ አንድ አለኝ። አለቃ ጓን ግን የራሱን ሕግ ጨመረበት። ፓኬጅ የምንሠራበትን ማሽን፣ «ሽማግሌው» የምንለውን፣ ከረጢቱ ጊዜው እስካላለፈ ድረስ መንካት ክልክል ነው አለ። ጊዜው ሊያልፍ ሲል ደግሞ ራሱ አዲስ ከረጢት ያስቀምጣል። እንግዲህ አስቡት። ሽማግሌው ለዘላለም አይነካም ማለት ነው! ማንም አያድሰው፣ ማንም አይመረምረው። እኔ ይህን አይቼ ስንት ጊዜ ጠረጴዛ እንደደበደብኩ የሚያውቀው ጠረጴዛው ነው፤ አንድ እግሩ እስከ ዛሬ ያነክሳል።

«ከረጢቱን ይተዉት» አልኩት። «ሽማግሌው ላይ ምን እንዳለ ልየው።»

«ምንም አታይም። እኔ ከዚህ ሆኜ በኢንተርኔት እገባና አስተካክለዋለሁ። ስድስተኛውን አምስተኛ የሚል ስም እሰጠዋለሁ፤ አለቀ።»

«አይሆንም! ስድስተኛው ሲጻፍ ውስጡ ተለውጧል፤ ዕቃው ሁሉ ቦታ ቀይሯል። አምስተኛ ብለው ቢጠሩት አቤት ይላል። የሚያቀብልዎት ግን ሌላ ነገር ነው።»

«አቤት ካለ ይበቃኛል።»

ስልኩን ዘጋው። ወዲያው ሳጥኑ ላይ አረንጓዴ መብራት ቦግ አለ። ፕሮግራሙ ተነሣ። ስክሪኑ ላይ ቁጥር መጣ፤ ሃያ ስምንት ዲግሪ።

አጎት ሹይ-ፋ አጨበጨቡ። «ጎበዝ! ጉረኛ ብትሆንም ሥራ ታውቃለህ።»

እኔ ግን እሳቸውን አየሁ። ጃኬት በጃኬት ላይ ደርበዋል፣ አፍንጫቸው ቀልቷል። ያን ቁጥር አየሁ። ጎንበስ ብዬ ክንዴን እስከ ክርኔ ኩሬው ውስጥ ከተትኩት። አጥንቴ ጮኸ። ሃያ ስምንት ዲግሪ? ሃያ ስምንት ዲግሪ ሰው ሸሚዙን አውልቆ የሚዋኝበት ነው!

ሃያ ስምንት። ይህን ቁጥር የት ነው ያየሁት? ከትናንት በስቲያ መለኪያውን ስሰቅል በገዛ እጄ የለካሁት ነው። የውሃው ጨው ነው።

እንደ እኔ ያለ ጭንቅላት ሁለት ጊዜ አይነገረውም። መለኪያው ሙቀትም ጨውም ያነባል፤ ስድስተኛው ቅጂ ሲሻሻል የጨዉን መጠን ከሙቀቱ ፊት አስገብቶታል። ፓኬጃችን ደግሞ እንደ ድሮው መጀመሪያ ያገኘውን ቁጥር ያነሣና ሙቀት ይለዋል። ኩሬው በረዶ ሆኖ ልጆች ቢንሸራተቱበት እንኳ ይህ ሳጥን አረንጓዴ መብራቱን አብርቶ ሃያ ስምንት ነው እያለ ይቀመጣል። ፓምፑን ለምን ያስነሣል? ሞቆታል!

የጮህኩት ጩኸት የሰው አይደለም። ጭቃው ላይ ምሳቸውን የሚለቅሙት ማንኪያ-አፍ ወፎች ተነሥተው እስከ ፔንግሁ ደሴት ሳያርፉ ሸሹ። የአለቃ ጓንን አያት ቅድመ አያት አንድ በአንድ እየጠራሁ ስድብ አወረድኩባቸው።

«ምን ሆንክ?» አሉ አጎት ሹይ-ፋ።

«ጨው ነው አጎቴ። ጨዉን ነው የሚያነበው። ውሃው ቢበርድም አያውቅም።»

ማጨብጨባቸው ቀረ። «እንግዲያው ሽቦውን ቁረጥና ከፓምፑ ጋር በቀጥታ አገናኘው።»

«ማስነሻው ሳጥኑ ውስጥ ነው። በቀጥታ ካገናኘሁት ፓምፑ ይቃጠላል።»

«ማብሪያዬን ማን ነቀላት?»

ስክሪኑን መልሼ መላልሼ አየሁ።

«ማን ነቀላት ነው የምልህ!»

«እኛ።»

«እናንተ» አሉ፤ ቀዩን የቢንላንግ ምራቅ ጫማዬ አጠገብ ጢቅ አድርገው። «በዋንግዬ መቅደስ ስም እምልልሃለሁ፤ ዓሣዬ ከሞተ ያን ሳጥን ራሴ ነቅዬ አለቃህ ራስ ላይ ነው የምሰቅለው። ሂድ። ከብርዱ ቀድመህ ና።»

ሞተር ብስክሌቴን አስነሣሁ። ከቺጉ ታይናን ሰው ቢፈጥን አርባ ደቂቃ ይፈጅበታል። እኔ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፤ የትራፊክ ካሜራዎቹ ጥላዬን እንጂ እኔን አላነሡኝም። መንገዱን ሙሉ ለአለቃ ጓን የምለውን እያዘጋጀሁ ነበር። መንገድ ላይ ያለችው ጂያሊ ከተማ የገባሁት በጨዋ ቋንቋ ነው፤ ከጂያሊ ስወጣ ግን ጨዋ የሆነው ሁሉ አልቆብኝ ነበር። እዚያው ጂያሊ አንድ የግንባታ ዕቃ ሱቅ ፊት ለፊት ድንገት ፍሬን ያዝኩ፣ ገባሁ፣ አንዲት የእጅ ማብሪያ ገዝቼ ጃኬቴ ውስጥ ወሸቅሁ። ለምን እንደገዛኋት ያን ጊዜ አልጠየቅሁም። እጄ ነው የገዛው።

ቢሮ ስገባ ፔይ-ሹዋን ጠረጴዛዋ ላይ አቀርቅራለች። ይቺ ልጅ ከእኔ ቀጥሎ፣ በጣም ሩቅ ቀጥሎ፣ የደሴቲቱ ምርጥ ፓኬጅ ሠሪ ናት። ዓይኗ ቀልቷል። አለቃ ጓን ሽማግሌው ፊት ቆሞ አዲስ አረንጓዴ ከረጢት በፕላስተር እየለጠፈ ነው።

«መጣህ?» አለ ፈገግ ብሎ። «ሠራ አይደል? ይህቺ ልጅ አቧራ እጠርጋለሁ ብላ ከረጢቱን አንቀሳቅሳው ነው። ስነግርህ!»

«ጨው ነው የሚያነበው!»

«ምን?»

«ጨው! ሰውየው ዓሣው በብርድ ሊያልቅበት ነው፤ ሳጥንህ ጨው እየቆጠረ ሞቋል ይላል!»

ፔይ-ሹዋን ቀና አለች። እዚህ ቢሮ ስሠራ አለቃን አንተ ብዬው አላውቅም። ዛሬ ግን «እርስዎ» ጂያሊ መንገድ ላይ ወድቆ ቀርቷል።

«አንተ አልከኝ?» አለ አለቃ ጓን።

«ገና ሌላም እልሃለሁ። ከወንበሩ ተነሥ።»

«ሽማግሌውን አትነካም!»

«አልነካውም። እጠይቀዋለሁ።»

ተቀመጥኩ። የሠራነው ፓኬጅ የሚጠራው ማንን እንደሆነና የሚጠራውን የት እንዳገኘው ጠየቅሁት። ይህ አንድ መስመር ትእዛዝ ነው፤ ማንም ሊያደርገው ይችላል፤ ግን እኔ ሳደርገው ቁልፎቹ ራሳቸው ይንቀጠቀጣሉ። መልሱ መጣ። አምስተኛውን ነው የምጠራው አለ። ያገኘሁትም ማሽኑ ላይብረሪዎቹን በሥርዓት ከሚያስቀምጥበት ቦታ ሳይሆን ሰው በእጁ ከሠራው አንድ ማኅደር ውስጥ ነው አለ። ከዚያ በሥርዓቱ ቦታ ምን እንዳለ አየሁ። ስድስተኛው። ስድስተኛው እዚያው ሽማግሌው ውስጥ ቁጭ ብሏል! አገናኚው ግን ወደ እሱ አይደርስም፤ አስቀድሞ እዚያ ስውር ማኅደር ውስጥ ተመልከት ተብሎ ታዟል።

ወንበሩን አዞርኩ። «ይህን ማን ነው ያስቀመጠው?»

አለቃ ጓን መነጽሩን አወለቀ። ጠረገ። መልሶ አጠለቀ። ሽማግሌው ንጹሕ መነጽር የሚፈልግ ይመስል።

«ያን ጊዜ…» አለ። «ሽማግሌውን ያደስን ጊዜ አንዱም ፓኬጅ አልሠራ አለ። ደንበኞች ይጮኹብኝ ነበር። አምስተኛውን ከድሮው ዲስክ አመጣሁና… ለጊዜው ብዬ ነው።»

«ለጊዜው!»

«ሠርቷል እኮ!»

«ሠርቷል? ጉድህን ሸፈንክና በላዩ ላይ ከረጢት አስቀመጥክበት! ማሽኑን አትንኩ ያልከው ለማሽኑ አዝነህ አይደለም። ይህን ማኅደር እንዳናይብህ ነው!»

ፔይ-ሹዋን ተነሣች። ድምፅዋ ዝግ ያለ ነበር፤ ከእኔ ጩኸት ይልቅ አለቃ ጓንን ያስበረገገው ግን እሱ ነው። «አለቃ፣ ጠዋቱን ሙሉ ድርጅቱን ልታፈርሺ ነው እያሉ የጮኹብኝ አቧራ ስለጠረግሁ ነው?»

«ፔይ-ሹዋን፣ አንቺ ደግሞ ነገሩን አታክብጂው…»

«ኩን ወንድሜ፣ ማኅደሩን አንሣው» አለችኝ ወደ እሱ ሳትዞር።

አለቃ ጓን ሁለት እጁን ዘርግቶ ሽማግሌው ፊት ተገተረ። «ከረጢቱን አሁን ነው ያስቀመጥኩት! ጊዜው ገና ነው! ከረጢቱ እያለ ማንም አይነካውም!»

እውነት ነው። ሕጉ ሕግ ነው። እኔም ሕግ አክባሪ ነኝ፤ ከታይናን ሰው ሁሉ ሕግ አክባሪ እኔ ነኝ። ስለዚህ ማሽኑን አልነካሁም። በትከሻው ላይ እጄን ሰደድኩና ከረጢቱን ከነፕላስተሩ ገነጠልኩት። አፉን በጥርሴ ቀደድኩ። አንድ እፍኝ ዘግኜ አፌ ውስጥ ከተትኩ።

ቢሮው ውስጥ ከጥርሴ በቀር የሚሰማ ነገር የለም።

«በላኸው?» አለ አለቃ ጓን። ፊቱ የሩዝ አጥሚት መሰለ። «ኩን፣ በላኸው?»

«ጠዋት ቁርስ አልበላሁም። ፔይ-ሹዋን፣ ትንሽ ቅመሽ።»

መዳፏን ዘረጋች። ሞላሁላት። እሷም ዓይኑን እያየች ቆረጠመች።

«እንግዲህ» አልኩ ከረጢቱን ገልብጬ ፍርፋሪውን ጉሮሮዬ ውስጥ እያራገፍኩ፣ «ሽማግሌው ላይ ከረጢት የለም። ይነካል። ገለል በል።»

ገለል አለ።

ያን ስውር ማኅደር ነቅዬ አወጣሁ፤ አገናኚው ላይም አስቀድመህ እዚያ ተመልከት የሚለውን ትእዛዝ ሰረዝኩበት። ከዚያ ፓኬጁን ከባዶ እንደገና ሥራ አልኩት። ሽማግሌው ጥቂት አጉረመረመ። ከዚያ ስክሪኑ ቀላ። የምትጠሩት ስም ስድስተኛው ውስጥ የለም፣ ይህም የለም፣ ያም የለም እያለ አወረደው።

«አየህ!» አለ አለቃ ጓን ከጥግ። «ከረጢቱን በልተህ አበላሸኸው!»

«እውነቱን ሲነግርህ የመጀመሪያ ጊዜው ስለሆነ ነው የደነገጥከው! ቢሮ ውስጥ እንቢ ቢል ይሻላል ወይስ ኩሬ ዳር ጨው ሙቀት ነው ቢል?»

ከዚያ እኔና ፔይ-ሹዋን ጎን ለጎን ተቀመጥን። መለኪያውን የምንከፍትበት ስም ተለውጧል፤ ስድስተኛው የድሮውን ስም ተሠርቶ ላለቀ ፓኬጅ ብቻ ነው አቤት የሚለው፤ በአዲሱ ስም ተካነው። ቁጥሮቹን በቦታ ቆጥረን ስናነሣ የነበረውን ትተን ሙቀቱን በስሙ ጠየቅነው። እኔ እንደ ዝናብ እጽፋለሁ፣ እሷ ከኋላዬ እያነበበች ታርመኛለች፤ ብዙ አልታረምኩም፣ አንድ ሁለት ቦታ ብቻ። እሺ፣ አምስት ቦታ። እንደገና ሠራነው። አለፈ። ደስ ሳይለኝ በፊት ያቺን አንድ መስመር ደግሜ ጠየቅሁ፤ ማንን ነው የምትጠራው?

ስድስተኛውን አለ። ግን ከሥሩ ሌላ መስመር መጣ፤ አምስተኛው አልተገኘም።

«አሁንም?» ብዬ ቁልፎቹን በቡጢ ልመታቸው ስል ፔይ-ሹዋን እጄን ያዘችኝ።

«ደወሉ ነው» አለች። «የማንቂያ ደወሉን ክፍል አዲስ አልሠራነውም። ተሠርቶ ያለቀውን ከድሮው ቀድተን ነው የምንጨምረው። እሱ ነው አሁንም አምስተኛውን የሚጠራው።»

ለዚህ ነው ከእኔ ቀጥላ ናት ያልኳችሁ። ውሃው ሲበርድ ባለቤቱን የሚያነቃውን ደወልም ከባዶ ሠራነው። ጠየቅነው። አምስተኛውን የሚጠራ አንድም ጠፋ። ሁሉም ስድስተኛውን፣ ሁሉም በሥርዓቱ ቦታ።

ስወጣ አለቃ ጓን በሩ ላይ ቆሞ፣ «ለሌሎቹ ደንበኞችስ ምን እንላለን?» አለኝ። አንድ ነገር አልኩት። አሳታሚው ስለማያትመው እዚህ አልጽፈውም።

ቺጉ ስደርስ ፀሐይዋ ባሕሩ ላይ ተቀምጣለች፤ ነፋሱ ግን ቀድሞኝ ደርሷል። ነፋስ ሲቀድመኝ የመጀመሪያው ነው። ከሰሜን እየጮኸ የንፋስ መከላከያውን ሸራ ያንገጫግጨዋል። አጎት ሹይ-ፋ ቦዩ ዳር ብርድ ልብስ ተከናንበው ቆመዋል። ጥልቀት በሌለው ጫፍ ጥቂት ዓሣዎች ሆዳቸውን ገልብጠዋል። ሳጥኑ ከበላያቸው አረንጓዴ መብራቱን አብርቶ ሃያ ስምንት ይላል።

አጎት ሹይ-ፋ በአገጫቸው ብቻ ዓሣዎቹን አሳዩኝ።

መጀመሪያ አለቃ ጓን የለጠፈውን የውሸት ስም ነቅዬ ጣልኩ፤ ስድስተኛው በገዛ ስሙ ይጠራ። ከዚያ አሮጌውን ፓኬጅ አወጣሁ፣ አዲሱን ጫንኩ። ጣቶቼ ደንዝዘው ቁልፎቹን በጉልበት ነው የምጫናቸው። አስነሣሁት።

አሥራ አንድ ዲግሪ።

«ይሄ ነው!» ብለው ጮኹ አጎት ሹይ-ፋ። «ይሄ ነው ብርዴ! ይሄ ነው!»

ሰው ቁጥር ወርዶ ሲያይ እንዲህ ሲፈነጥዝ አይቼ አላውቅም። ሳጥኑ ውስጥ አንድ ነገር ጠቅ አለ። ፓምፑ አጉተመተመ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ተነሣ። የጉድጓዱ ውሃ ቧንቧውን ሞልቶ ወደ ቦዩ ሲወርድ እንፋሎቱ በነፋሱ ላይ ተነሣ። ዓሣዎቹ ወደዚያ ሲጎርፉ የቦዩ ውሃ ጠቆረ።

አጎት ሹይ-ፋ ከብርድ ልብሳቸው ውስጥ አንድ ቢንላንግ አውጥተው ሰጡኝ። አኘክሁት። ንዴቴ ግን አልወጣልኝም። ያን ጫፍ፣ እነዚያን ነጭ ሆዶች እያየሁ እንዴት ይውጣልኝ?

በማግስቱ የፀሐይ መስታወት ሰዎቹ ወረቀታቸውን ይዘው መጡ። አጎት ሹይ-ፋ እንፋሎቱን በጣታቸው አሳዩአቸውና አሰናበቷቸው።

ብርዱ አልፎ ፀሐይ በወጣ ቀን ደግሞ አለቃ ጓን መጣ። ብቻውን አልመጣም፤ ያንን ፎቶ አንሺ አስከትሏል። አንድ እጁ ላይ አዲስ አረንጓዴ ከረጢት፣ ሌላው እጁ ላይ ነጭ ጓንቱ። ሳጥናችን ዓሣውን ከብርድ አዳነ ብሎ ሊለጥፍ ነው።

«አጎት ሹይ-ፋ!» አለ ከሩቅ። «እንኳን ደስ አለዎት! ሳጥናችን እንዴት ነው?»

አጎት ሹይ-ፋ ወደ እኔ ዞረው እጃቸውን ዘረጉ፤ ስለ ማብሪያዋ አስቀድሜ ነግሬአቸው ነበር። ከጃኬቴ ያቺን የጂያሊ ማብሪያ አውጥቼ ሰጠኋቸው። እሳቸው ከብሎን መፍቻ ጋር አለቃ ጓን መዳፍ ላይ አስቀመጧት።

«ግድግዳው ያ ነው» አሉት።

«የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነገ እልክልዎታለሁ…»

«ስትነቅላት ባለሙያ አልጠራህም። ፎቶ አንሺ ነው የጠራኸው። ይኸው እሱም መጥቷል። ግጠም።»

አለቃ ጓን እኔን አየኝ። እኔ ቆጣሪውን አጠፋሁለት፤ የሽቦውን ሥራ ለእሱ አላምነውም፣ ራሴ አገናኘሁት፣ በማስነሻው በኩል ፓምፑን ሳጥኑም ማብሪያዋም እንዲያስነሡት አድርጌ። ብሎኖቹን ግን አልነካሁም። አለቃ ጓን በቆዳ ጫማው ጭቃው ውስጥ ተንበርክኮ አንድ በአንድ አጠበቃቸው። አንዱ ጭቃ ውስጥ ወደቀበት፤ በጣቱ ፈልጎ አወጣው። ፎቶ አንሺው ያንሣ አያንሣ ግራ ገብቶት ቆሟል።

«አንሣው እንጂ!» አልኩት።

አነሣው።

ሲጨርስ አጎት ሹይ-ፋ በፌስታል የታሰሩ ዓሣዎች አመጡለት። አለቃ ጓን ፊቱ በራ፤ ስጦታ መስሎታል። «ኧረ አያስፈልግም ነበር…»

«ውሰድ» አሉት። «ሃያ ስምንት ዲግሪ ላይ በብርድ የሞቱት ናቸው። በረዶ ውስጥ አቆይቼልሃለሁ። አጥሚት ሠርተህ ብላቸው። እሾኻቸው ብዙ ስለሆነ ቀስ ብለህ፣ አንድ በአንድ እየለቀምክ።»

ፌስታሉን ተቀበለ። ምን ያድርግ? ዓሣዎቹን በአንድ እጁ እንዳንጠለጠለ በሌላው አረንጓዴውን ከረጢት ሳጥኑ አናት ላይ ሊያስቀምጥ ተንጠራራ። ከዚያ ዞር ብሎ አየኝ። ጥርሴን አሳየሁት፤ ሁሉንም።

ከረጢቱን መልሶ ኪሱ ከተተው።

አጎት ሹይ-ፋ ወደ ግድግዳው ሄዱ። ማብሪያዋን ቀጭ አደረጓት፤ ፓምፑ ተነሣ። ቀጭ፤ ቆመ። ቀጭ፤ ተነሣ። ማንንም አልጠራም።